ፍጻሜ የሌለው የውድድር ዘመን፦ ትዝብት ከደብረ ማርቆስ

በጎጃም ደጋ የገና ጨዋታ መጀመሪያም ማብቂያም አለው። ኅዳር ገብቶ አዝመራው መታጨድ፣ ማሳውም መራቆት ሲጀምር እረኞች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ከጫካ እየመረጡ ይቆርጣሉ፤ ከብት እየጠበቁም ይለማመዳሉ። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጾሙ ተፈቶ ሆድ ሲጠግብ፣ ጎልማሳውም ልጁም ሜዳ ይወጣል። መንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ይከፈላል፤ የቡድን አባቶቹ እየተፈራረቁ ሰው ይመርጣሉ፤ ከእንጨት የተጠረበችው ሩር መሀል ላይ ትቀመጣለች። የተጫዋቹ ቁጥር ልክ የለውም። የሜዳው ዳርቻ ወንዝ ወይም ገደል ሊሆን ይችላል። ጊዜው ግን ልክ አለው። ጀምበር ስትጠልቅ ያሸነፈው እየጨፈረ፣ የተሸነፈው ስድቡን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። በአንዳንድ አካባቢ እስከ ጥምቀት ድረስ ይጫወቱታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አበቃ። ለተሸነፈው የሚዘጋጅለት ሁለተኛ ዙር የለም፤ ዓመት ይጠብቃል።

*

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በጎዛምን፣ በጉብዝናቸው ዘመን የቡድን አባት የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። «አባቴ፣ እንዲህ ትወዱት ከነበረ በየካቲትም በመጋቢትም ለምን አትጫወቱትም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የማን በሬ ሊጠብቀን ልጄ? ሁዳዴ ይገባል፤ እርሻው ይነሣል» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ ጨመሩ፦ «ሁልጊዜ ከተጫወቱትማ ማን የገናን ዕለት ይናፍቃል? እኔ የተሸነፍሁ ዓመት ሽንፈቱን እስከ ዓመቱ ተሸክሜው ነው የምዞር። የሚያጫውተኝም እሱ ነበር።»

ስለ ስፖርት ውድድር ብዛት ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ነገር አላገኘሁም። ሽንፈት ዓመት ሙሉ የሚቆየው በማግስቱ የሚያስረሳ ሌላ ጨዋታ ከሌለ ብቻ ነው። ድልም እንዲሁ።

*

አሜሪካኖች በዚህ የጨዋታ ብዛት ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ክርክራቸውም ለእኛ ይጠቅማል። እነሱ ፉትቦል የሚሉት፣ ሞላላዋ ኳስ በእጅ ተይዛ የሚሮጥባት ጨዋታ በኮሌጆችም ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። የኮሌጅ ቡድኖች ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ 12 ጨዋታ ያደርጋሉ። የውድድር ዘመኑ በዚህ ያልቃል፤ ቀጥሎ ግን «ቦውል» የሚሏቸው ጨዋታዎች ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከተማ በፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚደረገው ሮዝ ቦውል፣ የተጀመረው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1916 ወዲህ በየዓመቱ ይካሄዳል። ያኔ ከምሥራቅ አንድ፣ ከምዕራብ አንድ ቡድን የሚገናኝበት ብርቅ ቀን ነበር። ዛሬ የቦውሎቹ ቁጥር ከ40 ያልፋል። በላይኛው ምድብ ካሉት 130 ከሚበልጡ ኮሌጆች ውስጥ ከ80 የማያንሱት ወደ አንዱ ይጠራሉ። ለመጠራት ከ12 ጨዋታ 6 ማሸነፍ ይበቃል። ስድስት ያሸነፈ ሲጠፋ አምስት ያሸነፈውም የተጠራበት ዓመት አለ።

በዚህ ላይ ዋንጫውን የሚወስነው ጥሎ ማለፍ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በ4 ቡድን ተጀመረ፤ በ2024 ወደ 12 አደገ። በጥር 2025 ኦሃዮ ስቴትና ኖተርዳም ለፍጻሜ ሲገናኙ እያንዳንዳቸው 16ኛ ጨዋታቸው ነበር። እነዚህ ልጆች በወጉ ተማሪዎች ናቸው፤ ታኅሣሥ የፈተና ወር ነው፤ ጨዋታውም ጭንቅላትና ጉልበት የሚሰብር ነው።

በርካታ ቦውሎችን በባለቤትነት የሚያዘጋጃቸው ኢኤስፒኤን የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ራሱ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የቁጥሩ ነገር አልገረመኝም። በበዓል ሰሞን ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይመለከታል፤ ጣቢያው የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጨዋታ ይፈጠራል። ስታዲየሙ ግማሽ በግማሽ ባዶ ቢሆን አዘጋጁ አይከስርም።

ተጫዋቾቹም ገብቷቸዋል። ወደ ባለሙያ ሊግ ሊሸጋገሩ የተቃረቡት፣ ጉልበታቸው ቢሰበር የዕድሜ ልክ እንጀራቸው የሚሰበርባቸው፣ ከዋንጫ ውጪ ያለውን ቦውል ትተው መቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኖተርዳም ከጥሎ ማለፉ ውጪ ሲደረግ «ሌላ ቦውል አንጫወትም» ብሎ እንደ ቡድን ቀረ። ባለጨዋታው ራሱ አልፈልግም ያለው ጨዋታ በዝቷል ለማለት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

*

የብዛቱ ጠበቆች አንድ ጠንካራ ነገር ይናገራሉ፤ ላልፈው አልችልም። ስሙ የማይታወቅ ኮሌጅ ውስጥ ያለ፣ ወደ ባለሙያ ሊግ የማይደርስ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ሩቅ ከተማ ሄዶ በካሜራ ፊት የሚጫወተው በዚያ ትንሽ ቦውል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል። ለምን ይከለከላል?

ይህ እኛንም ይነካል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተሳተፈ በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ኖሮ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲመለስ ደብረ ማርቆስ እንዴት እንደጨፈረች የነበረ ያውቃል። ከዚያ ቀጥሎ የገባነው ጥር 2014 ካሜሩን በተዘጋጀው ነው። ያን ጊዜ ተሳታፊው ወደ 24 አድጎ ነበር፤ በማጣሪያ ምድባችን ሁለተኛ ሆነን አለፍን። በሩ ስለሰፋ ገባን። ስለዚህ «ሁሉም መስፋት መጥፎ ነው» የሚል ሰው ራሱን ውጭ እያስቀረ መሆኑን ያስብ።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ለቀረው በር የሚከፍት ጨዋታ አለ፤ የገባውን ደግሞ እንዳይወጣ የሚያቆይ ጨዋታ አለ። የመጀመሪያው ይብዛ። የሁለተኛው ትርፍ የሻጩ ነው።

*

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ነበር ያለቀው። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ከቡድኑ አሠልጣኞች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እሳቸው በኋላ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መርተዋል።

የዚያ ውድድር ጠቅላላ ጨዋታ ስንት ነበር? አራት። አራት ቡድን፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ የደረጃ፣ አንድ የፍጻሜ። ኢትዮጵያ ሁለት ጨዋታ አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች። ይኸው ከ60 ዓመት በላይ ስናወራው አለን። አያቶች የመንግሥቱ ወርቁን ጎል ለልጅ ልጆች ይተርካሉ። የዛሬው የአፍሪካ ዋንጫ 52 ጨዋታ አለው። ባለፈው ውድድር ምድብ ላይ ማን ከማን ተጫወተ ብለው ደጋፊ ነኝ የሚለውን ይጠይቁት፤ ግማሹን አያስታውሰውም።

*

በአዊ፣ እንጅባራ ላይ፣ ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞች ይወጣሉ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን የአድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ፈረሱ ለዚያ ቀን ሲቀለብ፣ እቃው ሲወለወል ይከርማል። ሰው ከዳንግላም ከባንጃም ከጓጉሳም በፈረስ ይመጣል። ጉግሱና ግልቢያው ይታያል፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ያልቃል።

ቱሪስት ስለሚመጣ በየወሩ ይደረግ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰምቻለሁ። ክፋት አስበው አይደለም፤ ለከተማው ገቢ ተጨንቀው ነው። ግን ፈረሱስ? ባለፈረሱስ? በየወሩ የሚደረግ ነገር በሁለተኛው ዓመት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ያኔ ገበሬው ከፈረሱ ወርዶ ተመልካች ይሆናል። ጥር 23ን አትንኩት።

*

በደብረ ማርቆስ ማታ ማታ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ሞልተዋል። ወንበሩ በመደዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሳምንቱ ጨዋታ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። እኔ ልጅ ሳለሁ የጨዋታ ቀን ቅዳሜና እሑድ ነበር። አሁን ግድግዳው ላይ ክፍት ቀን የለም።

የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ እስከ 2016 ዓ.ም. በዓመት 125 ጨዋታ ነበረው፤ ከ2017 ጀምሮ 189 ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ተጫዋቹ ዕረፍት በሚወጣበት ሰዓት፣ ፊፋ 32 ክለቦችን አሜሪካ ሰብስቦ የ63 ጨዋታ የክለቦች ዓለም ዋንጫ አደረገ። የአገራት የዓለም ዋንጫም በኳታር 64 ጨዋታ የነበረው ለ2026 እ.ኤ.አ. ወደ 104 ከፍ ተደርጓል።

የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ መስከረም 7 ቀን 2017 «ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበናል» ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በአምስተኛው ቀን ከአርሴናል ጋር ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ የዚያ ዓመት ጨዋታው በአብዛኛው በዚያው አበቃ። የተጫዋቾቹ የዓለም ማኅበር የፊፍፕሮ የአውሮፓ ክፍል በዚያው ሰሞን የጨዋታ ብዛትን ይዞ ፊፋን በአውሮፓ ኮሚሽን ከሰሰ።

የኛ ልጆች ይህን ሁሉ ያውቁታል። የሮድሪን ጉልበት ከራሳቸው ጉልበት በላይ ያውቁታል ብል አልዋሸሁም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ የሦስት ሊጎችን የሚቀጥለውን ወር ጨዋታ በቃሉ ነገረኝ። «አንተስ መቼ ተጫወትህ?» አልሁት። «ሜዳውን ቤት ሠሩበት ጋሼ» አለኝ።

*

ሜዳውን ቤት ሠሩበት።

*

በየመሥሪያ ቤቱ ዋንጫ አለ። የሰላም ዋንጫ፣ የጤና ዋንጫ፣ የአንድ ሳምንት ዘመቻ ዋንጫ። ብዙዎቹን ተመልክቻለሁ። ድንኳን ይተከላል፤ የክብር እንግዳ ይጠበቃል፤ ልጆች ማሊያ ለብሰው በብርድ ይቆማሉ፤ ንግግሩ ከአንደኛው አጋማሽ ይረዝማል። ጨዋታው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ነው፤ ሁሉም ጨዋታ ጥሎ ማለፍ ነው፤ ግማሹ ቡድን ከአንድ ጨዋታ በኋላ ቤቱ ይገባል። ዋንጫው ይሰጣል፤ ፎቶ ይነሣል፤ በሚቀጥለው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ሌላ ዘመቻ ይዞ ሌላ ዋንጫ ያዘጋጃል፤ የአምናው ሻምፒዮን ዋንጫውን የሚያስጠብቅበት ውድድር የለም።

የአሜሪካው ችግር ከመደበኛው ዘመን በኋላ የሚጨመረው መብዛቱ ነው። የኛ ልጆች ችግር ከዚህ የከፋ ነው፤ መደበኛው ዘመን ሳይኖራቸው ፍጻሜ ብቻ ይደረግላቸዋል። ልጅ ኳስ የሚማረው በዋንጫ ቀን አይደለም። በየሳምንቱ በሚደረግ፣ ዛሬ ቢሸነፍ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሚያሻሽለው ተራ ጨዋታ ነው። ያ ተራ ጨዋታ ሥራ ይጠይቃል፤ ዳኛ፣ ሰሌዳ፣ መዝገብ የሚይዝ መምህር፣ ሣሩን የሚያጭድ ሰው። ፎቶ የሚነሣበት ነገር ስለሌለው አዘጋጅ አይገኝለትም።

*

ክረምት ሲመጣ ግን ሰፈሩ ራሱ ያዘጋጃል፤ ይህንን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን፣ የየቀበሌው ወጣት ገንዘብ አዋጥቶ ውድድር ያደርጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌ ዝናቧ ከጮቄ ተራራ የሚወርድ ብርድ አለው። ጭቃው ታኬታ ይበላል። ታኬታ የሌለው በባዶ እግሩ ይጫወታል። ሽልማቱ በግ ከሆነ ቡድኑ በሙሉ አብሮ ይበላዋል። ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል እንጂ በአንድ ሽንፈት አይባረርም። ተመልካቹ ጃንጥላና ጋቢ ይዞ ዳር ዳሩን ይቆማል፤ እናቶች ሳይቀሩ የልጃቸውን ቡድን ውጤት ያውቃሉ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ልጃገረዶች ለእንግጫ ነቀላ ሲወጡ ወንዶቹ ፍጻሜያቸውን ይጫወታሉ። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ወደ ትምህርት ቤት። ሰፈሩ ያለ መመሪያ፣ ያለ ስፖንሰር፣ ለጨዋታ መጀመሪያና መጨረሻ ሰጥቶታል። ከከተማው ስፖርት ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሊታገዝ የሚገባውም መጀመሪያ ይህ ነው።

*

ፕሪሚየር ሊጋችን በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ቡድን በሜዳው፣ ከዚያም በባላጋራው ሜዳ ይጫወት ነበር። ኮሮና የ2012ን ውድድር ከሰረዘው በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው እንዲጫወቱ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወሩ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ነበር፤ የክለቡ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫ። ዋንጫው ሐዋሳ ላይ ሲነሣ የጎንደር ሕዝብ በቴሌቪዥን ነበር ያየው።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ተራው ሲደርሳት ከደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትሩን በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ አቋርጠው ለማየት የሄዱ ወዳጆች ነበሩኝ። ውሎ አድሮ ግን ሊጉ ለሰሜኑ ሰው የስክሪን ነገር ሆኗል። ለበሽታ ጊዜ የተፈለገው ዘዴ በሽታው ካለፈም በኋላ የቆየው ለቀረጻና ለወጪ ስለሚመች ነው። በሜዳ ተገኝቶ የሚደግፍ ሰው የለመደው ሳምንት፣ «እሑድ እንጫወታለን» የሚባለው ነገር፣ ተሰብሯል።

ብሔራዊ ቡድኑም ቤት አጥቶ ነበር። የባሕር ዳር ስታዲየም የካፍን መስፈርት ሳያሟላ ከቀረ በኋላ ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከ1954ቱ ድል በኋላ እንዲህ ያለ ደስታ ስንት ጊዜ ይገኛል? ያን ቀን ሜዳ ውስጥ መገኘት የነበረበት ሰው ጎጃምም ጎንደርም አዲስ አበባም ተቀምጦ በስልኩ ነበር የተከታተለው።

*

በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሂዩስተን ላይ ከተጀመረ ወዲህ፣ በአሜሪካ የነጻነት ቀን ሰሞን በዓመት አንድ ጊዜ የኳስ ውድድር ያደርጋሉ። ኳሱ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው የሚሄደው የተለያየ ዘመዱን፣ የትምህርት ቤት ጓደኛውን፣ የጥንት ጎረቤቱን ሊያገኝ ነው። ከደብረ ማርቆስ የወጣ የሲያትል ነዋሪ ከደብረ ማርቆስ የወጣውን የአትላንታ ነዋሪ የሚያገኝበት ሌላ ቀን የለውም።

በ2004 ዓ.ም. ግን በዚያው ሳምንት ሁለት ውድድር ተደረገ። ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ፣ ከእሱ የተለየው ደግሞ በባለሀብቱ በሼክ አል አሙዲ ድጋፍ ዋሽንግተን። ተጫዋች ተከፈለ፣ ዘፋኝ ተከፈለ፣ ቤተሰብ ተከፈለ። ወንድም ዳላስ፣ እኅት ዋሽንግተን የሄዱበትን ቤት አውቃለሁ። ውድድሩ እጥፍ ሆነ፤ መገናኘቱ ግን ግማሽ ሆነ። ጨዋታ ሲጨመር ሁልጊዜ ደስታ ይጨመራል ለሚል ሰው ይህን ዓመት አስታውሰዋለሁ።

*

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ስለ ውድድር ዘመን ማውራት በጎጃም ሌላ ትርጉም አለው። በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገድ ዘጋ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ዘጋ። በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የተማሪዎች ስፖርት የሚባለው ነገር መሠረቱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ከክፍል ክፍል፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን። በደርግ ዘመን እንኳ፣ ሌላው ሌላው መከራ እንዳለ ሆኖ፣ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የሚወጣ የውድድር መሰላል ነበር። ዛሬ ብዙ ወረዳ ላይ የመጀመሪያው ደረጃ ራሱ የለም።

አንድ መምህር ወዳጄ «የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይዘህ ልጅ ካልመጣልህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎኛል። ኳሱ መጋዘን ውስጥ ተንፍሶ ተቀምጧል። ሁለት የክፍል ቡድን የሚሞላ ተማሪ የለውም። ልጆቹ ግን አልጠፉም፤ አንዳንዱ ከብት ይጠብቃል፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ሊስትሮ ሆኗል፣ አንዳንዱ ጠመንጃ ይዟል። በ14 ዓመቱ ያልተጫወተውን ጨዋታ በ25 ዓመቱ የሚመልስለት የለም። ገና በየዓመቱ ይመጣል፤ የልጅነት የውድድር ዘመን ግን አንድ ነው፤ አይመለስም።

*

ስለዚህ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ከዘመኑ በኋላ የሚደረገው ጨዋታ በዝቷል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ በዝቷል እላለሁ። የአውሮፓውም በዝቷል፤ የፊፋውም በዝቷል። ምክንያቴ ግን ተመልካቹ መሰልቸቱ አይደለም። ጨዋታው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ካሜራው ተጠራቅሞ ታች ያለው ልጅ ሜዳም ቀንም እያጣ ስለሆነ ነው። የደብረ ማርቆሱ ልጅ በዓመት ከመቶ በላይ የሰው ጨዋታ እያየ የራሱ አሥር የለውም።

ለደብረ ማርቆስ ከተማ አስተዳደርና ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ስፖርት ጽሕፈት ቤት የምለው አለኝ። የዘመቻ ዋንጫዎቹን ገንዘብ በአንድ ላይ ሰብስቡት። በሱ ሜዳ አስከብሩበት፤ የቀሩት ጥቂት ባዶ ቦታዎች በካርታ ተለይተው የልጆች ይባሉ። የክረምቱን የሰፈር ውድድር ለዳኛ አበልና ለኳስ የሚሆን ነገር ሰጥታችሁ ለባለቤቶቹ ተዉላቸው፤ ስሙን አትቀይሩት። ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሁሉ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቅዳሜ ጠዋት የተማሪ ጨዋታ ይሁን፤ ሁዳዴ ሲገባ ሰዓቱን አሳጥሩ እንጂ አታቋርጡት። ፍጻሜው አንድ ቀን ይሁን፤ ንግግርም አይደረግበት።

ጠመንጃ ለያዛችሁት ወገኖች ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ላላችሁ፣ ከዚህ የሚቀድም ልመና አለኝ፦ ትምህርት ቤቱን ልቀቁት፤ መንገዱንም ክፈቱት።